ቀዳዳ የሌለው ሰላጣ

በዚያ ምግብ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ያስተናገደችውን ሴት በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «መርማሪዋ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ሼፉ ነው። በተቀጠረች በሳምንቷ ሾርባው ውስጥ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ አስቆጥራው፣ ጨው ስንት ማንኪያ እንደሚገባበት ስትጠይቀው ማማሰያውን ጥሎ ወጥቷል ይባላል። ነገረኛ ሆና አይደለም። ደንበኛ «ምን አለበት?» ሲላት «እንጃ» ብሎ መመለስ ያሳፍራታል። ሳህን ስትቀበልም ዝም ብላ አትሸከምም፤ ታገላብጣለች። ጫፉ የጠቆረ ወይም ቀዳዳ ያለበት ቅጠል ካየች «ይሄ ለሰው አይቀርብም» ብላ ትመልሳለች። በቤቷም እንዲሁ ናት። ባሏ ብስኩት ገዝቶ ሲገባ፣ እሱ ሳይከፍተው እሷ የጀርባውን ጽሑፍ አንብባ ትጨርሳለች። «ሴትዮ፣ ፈተና አለብሽ እንዴ?» ይላታል።

ከደንበኞቿ ሁሉ አብልጣ የምታከብራቸው አንድ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። አምና ሆዳቸውን ቀዶ ጥገና ተደርገው ከተነሡ ወዲህ ፀረ ተባይ የተረጨበትን አትክልት አጥብቀው ይፈራሉ። ሐሙስ ሐሙስ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ሲል፣ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣሉ። ሜኑ ገልጠው አያውቁም።

«ልጄ፣ ሰላጣው እንዴት ነው?»

«መድኃኒት ያልነካው ነው፣ ጋሼ።»

«አንቺ ካልሽ ይምጣ።»

ይህን የምትለውም በባዶ ሜዳ አይደለም። ሰላጣውን የምታቀርበው ከከተማው ዳር አትክልት የምታለማ ሴት ናት። መርማሪዋ ከሦስት ዓመት በፊት ራሷ ሄዳ መደቡን አይታለች፤ ብስባሹን እንኳ በእጇ ዘግና አሽትታለች። ከዚያ በኋላ ነው የምግብ ቤቱ በር ላይ «አትክልታችንን መድኃኒት አልነካውም» ተብሎ የተጻፈው።

አንድ ሐሙስ መምህሩ አንድ ቅጠል በሹካ አንሥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ገርሞኝ ነው። እኔ ጓሮዬ አራት ሰላጣ ተክዬ አራቱንም ትል ወንፊት አድርጎብኛል። የእናንተን አትክልተኛ ሰላጣ ትሉ ምን ብሎ ማረው?»

ሰውየው መክሰሳቸው አልነበረም፤ እንደ አንድ ያልተፈታ ሒሳብ ነው የገረማቸው። እሷ ግን «አጣርቼ እነግርዎታለሁ» አለች። እሳቸውም ፈገግ ብለው ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። ያ የተገፋ ሳህን ሲከነክናት ሰነበተ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ በዕረፍቷ ቀን አውቶቡስ ተሳፍራ ወደ አትክልተኛዋ ሄደች። ሴትየዋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና በደስታ ተቀበለቻት፤ ከምግብ ቤቱ መሆኗን እንጂ ሥራዋን አታውቅም። መርማሪዋ ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳትጨርስ መደቡ ዳር ተንበረከከች። ሰላጣው ሁሉ የተበሳሳ ነው። አንዱን ቅጠል ብትገለብጠው፣ የክብሪት እንጨት የምታህል አረንጓዴ ትል ከሥሩ ተኝታለች። ለአፍታ እንደ ልጅ ደስ አላት፤ ትሏ ስትሳብ ዓይኗን ሳትነቅል አየቻት። ከዚያ ወደ ልቧ ተመለሰች።

«እህቴ፣ የዚህ ሰላጣ ቀዳዳ እኛ ጋ ሲደርስ የት ይገባል?»

አትክልተኛዋ እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ደግማ ጠረገች። በመጨረሻ በአገጯ አጥሩን አመለከተች። ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤቷ መርጫውን በጀርባው አዝሎ፣ ከመደብ መደብ እየረጨ ይሄዳል።

«ከሱ ነው የምገዛላችሁ» አለች። «ዘንድሮ ትሉ በዛ። ሁለት ወር ሆነኝ። ምን ላድርግ እህቴ፣ የላክሁት ሳጥን ግማሹ ‹የተበሳ አንፈልግም› እየተባለ ተመለሰብኝ። የኔን ለዶሮ፣ የሱን ለእናንተ።»

«የሚመልሰው ማን ነው?»

«ሼፉ ነዋ። እሱም ወዶ አይደለም አሉ። አንዲት አስተናጋጅ አለች፣ ቀዳዳ ካየች መቆሚያ መቀመጫ ታሳጣዋለች፤ ከሷ ጋር ከመጨቃጨቅ ሳጥኑን መመለስ ይሻለኛል ይላል ብሎ ሳጥኑን የሚያመላልሰው ሾፌር ነገረኝ።»

መርማሪዋ ፊቷ እንደ እሳት ጋለ። ሃያ ሁለት ዓመት ስትመረምር ኖራ፣ ሌባ ስታሳድድ የያዘችው የገዛ እጇን ሆነ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ብትል ይቀላት ነበር፤ ሴትየዋ ማታለሏም እውነት ነው። አላለችም።

«አስተናጋጇ እኔ ነኝ» አለች። «ከነገ ጀምሮ የራስሽን ላኪ፣ ከነቀዳዳው። ለሼፉ እኔ እነግረዋለሁ።»

ለሼፉ ነገረችው። እሱም ማማሰያውን እንደያዘ፣ «የምትመረምሪው ሰው ስታጪ ራስሽ ላይ ደረስሽ» አለ። ሆኖም ከበሩ ላይ ጽሑፉን ያወረደው እሱ ነው።

ሐሙስ መጣ። ስድስት ሰዓት ተኩል ሆነ፤ መምህሩ የሉም። ቀሩብኝ ብላ ጨነቃት። አሥር ደቂቃ አልፎ ከዘራቸው በሩ ላይ ሲንኳኳ ሰማችና፣ ገና ሳይቀመጡ ጀመረች።

«ጋሼ፣ ሁለት ወር ሙሉ የተረጨበት አብልቼዎታለሁ። አንድ ጊዜ ያየሁትን ይዤ ሳላይ ስመሰክር ኖርኩ። የተበሳውን እየመለስኩ ሴትየዋን ከጎረቤት እስከ መግዛት ያደረስኳትም እኔ ነኝ።»

መምህሩ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፣ ተቀመጡ።

«የዛሬውስ?»

አመጣችላቸው። ከላይ ያለው ትልቁ ቅጠል ሦስት ቦታ ተበስቷል።

«ይሄን ማን በላው?»

«ከእርስዎ ቀድማ የቀመሰች አለች፣ ጋሼ። ትሏን በዓይኔ አይቻታለሁ፤ ደህና ናት።»

ሽማግሌው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ግን ያቺ የለመደቻት «አንቺ ካልሽ» ከአፋቸው አልወጣችም። መነጽራቸውን አድርገው ቅጠሉን ራሳቸው ገለበጡት፣ ሥሩን አዩ፣ እንደገና መለሱት። መርማሪዋ አዘነች። እጇን ዘርግታ መጋረጃውን ሰበሰበችላቸው፤ በብርሃኑ አይተው እስኪበቃቸውም ቆማ ጠበቀች።