ማንጎ ይዤ የገባሁ ዕለት

እኔ ባደግኩበት አገር ፍራፍሬ የበሽተኛ ነው። አንኮበር ውስጥ ከጎረቤላ ትንሽ ወጣ ብሎ ያለ የቄስ ቤት ልጅ ነኝ። በእኛ ቤት ሁሉ ነገር ገብስ ነው፤ በሶው ገብስ፣ ቆሎው ገብስ፣ ጠላውም ገብስ። ብርቱካንና ሙዝ የምናየው ሰው ሲታመም ብቻ ነበር። ፌስታል ሙሉ ሙዝ አንጠልጥሎ የሚያልፍ ሰው ካየን «ማን ታመመ?» እንላለን እንጂ ሙዝ አማረው ብለን አናስብም። ጓሯችን ያለችው የኮክ ዛፍ እንኳ በክረምት ስታፈራ የልጅና የወፍ ነበረች። ትልቅ ሰው ቆሞ ኮክ ሲገምጥ አይቼ አላውቅም።

ደብረ ብርሃን ሥራ በያዝኩ በመጀመሪያው ሳምንት አጠገቤ የምትቀመጠው የአርባ ምንጭ ልጅ ከቦርሳዋ ሁለት ማንጎና አንድ ጊሽጣ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ስትደረድር ክው አልኩ።

«ውይ! ምን ሆነሽ ነው? እግዜር ይማርሽ» አልኳት።

«ምን ሆንኩ?»

«ማንጎ ይዘሻላ።»

«ምሳዬ ነው እኮ!»

ቢሮው በሙሉ ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲያ ፍራፍሬ ባካፈለችኝ ቁጥር «እግዜር ይማርሽ» እያለች ነው የምትሰጠኝ። እኔም እፍረቴን ዋጥ አድርጌ «ያኑርሽ» እያልኩ እቀበላለሁ።

አበላሉንም ያስተማረችኝ እሷ ናት። ማንጎ ጎንበስ ተብሎ፣ እጅጌ ተሰብስቦ ነው የሚበላው፤ ጭማቂው እስከ ክርን ይወርዳል። ጊሽጣ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ፍሬውን እየተፉ ሥጋውን መምጠጥ ነው። ፓፓያ ላይ ሎሚ ይጨመቃል። አናናስ ሲበዛ ምላስ ያቃጥላል፤ እሱንም አበዛሁትና አየሁት። የመጀመሪያውን የበሰለ ማንጎ የቀመስኩ ቀን ግን ከመደሰቴ በፊት ተናደድኩ። ከደብረ ሲና ቁልቁል ያለው ቆላ ከእኛ የግማሽ ቀን መንገድ አይሆንም። ይህን የመሰለ ነገር እዚያው ከሥራችን እየበቀለ፣ ለታመመ ሰው ብቻ ነው ብሎ የፈረደብን ማን ነው? የታመመ ሰው እንደሆነ አፉ መሯል፤ ጣዕሙን እንኳ አያውቀውም። እንዲህ እያልኩ፣ ካፖርቴን እንደለበስኩ፣ በደብረ ብርሃን ብርድ የማንጎ ሱሰኛ ሆንኩ።

ባለፈው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ ቤተሰቤን ልጠይቅ ተነሣሁ። ቤት ስገባ ሁልጊዜ የምይዘው ስኳር ነው። ያን ቅዳሜ ግን ስኳር ከገበያ ጠፍቶ ነበር። ሦስት ሱቅ ገባሁ፤ የለም። አራተኛው «ነገ ይመጣል» አለኝ፤ እሱ ነገ ሲል መቼ እንደሆነ አውቀዋለሁ። ባዶ እጄን አልገባ ነገር፣ እያጉረመረምኩ ስወጣ ከሱቁ ፊት ለፊት ፍራፍሬ ሻጯ ጋ ማንጎው ቀልቶ ተከምሯል። ለምን አይሆንም? ደህና ሰዎች ናቸው፤ ደህና ሆነው ይብሉ! አንድ ቅርጫት አስሞላሁ፤ ማንጎ፣ አንድ ፓፓያ፣ ሙዝና አራት ጊሽጣ።

ገና ሚኒባሱ ላይ ስወጣ ረዳቱ ቅርጫቱን ተቀብሎኝ «አይዞሽ፣ ይሻላቸዋል» አለ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ እንዲመቸኝ ብለው ጥግ ያዙልኝ። ጎረቤላ ስወርድ ጎረቤታችን የሆኑት አሮጊት ከገበያ ሲመለሱ አገኙኝ።

«አንቺ! ማን ታመመ? መምሬ ናቸው?»

«ኧረ ማንም አልታመመም። እንዲሁ ነው።»

«ባለፈው እሑድ ቅዳሴ ላይ ሲያስሉ ሰምቻለሁ እኮ» አሉና ከንፈራቸውን መጠጡ። እንዲሁ ማንጎ የሚገዛ ሰው አለ ብሎ ማመን አልቻሉም፤ አልፈርድባቸውም።

ቤት ስገባ አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ጋቢውን ደርቦ ተቀምጧል። እናቴ ልትስመኝ እየመጣች ቅርጫቱን ስታይ ፊቷ ልውጥ አለ። ሳመችኝና ወደ ጓዳ ገባች። ልብ አላልኩትም። አባቴን ማንጎ ማስቀመስ ላይ ነበርኩ። አንድ ቁራሽ በሁለት ጣቱ ይዞ አገላብጦ አየው፤ ጎረሰው፤ ዓይኑን ጨፈነ።

«ይሄስ የሳል ሽሮፕ ነው» አለ።

ሁለተኛውን ሳይጎርስ በሩ ተንኳኳ። አሮጊቷ ወሬውን ቀድመውኝ በትነውታል። የዝናብ ገሳቸውን ደጅ እያወለቁ፣ እሳቸውን ጨምሮ ሦስት ሴቶች ገቡ፤ ቀጥሎ ሁለት ወንዶች። ሁሉም የበሽተኛ ጠያቂ ፊት ይዘዋል፤ በቀስታ ይቀመጣሉ፣ በቀስታ ይናገራሉ። «መምሬ፣ እንዴት አደረገዎት? እግዜር ይማርዎት።» አባቴ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ተቆጣ። ትንሽ ቆይቶ፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ሰው ያየው ሳይመስለው ግንባሩን ዳሰሰ። ሳቄን መያዝ ስላቃተኝ የተላጠ ማንጎ በሳህን ይዤ ወደ እናቴ ገባሁ።

እናቴ ጨለማው ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጣለች። ሳህኑን ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም።

«ማን ነገረሽ?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ጤና ጣቢያ ያለችው ልጅ ናት፣ አይደል? ለማንም አልናገርም ብላኝ ነበር እኮ።»

ሳቄ ከየት መጥቶ የት እንደገባ አላውቅም። ምንም እንደማላውቅ ብነግራት ዝም እንደምትል ገባኝና ዝም አልኩ። እሷ ሁሉን የማውቅ መስሏት ነገረችኝ። ጡቷ ላይ እብጠት አለ። ያገኘችው ለፋሲካ ሰሞን ነው። በገበያ ቀን ቅቤ ልሸጥ ብላ ወጥታ ጤና ጣቢያ ሄዳ ነበር፤ ነርሷ «ዛሬ ነገ ሳይሉ ደብረ ብርሃን ይሂዱ» ብላታለች። እሷ ግን ቅቤዋን ሸጣ ቤቷ ገባች። ይኸው ሰኔ ሊያልቅ ነው።

«ለምን?» አልኩ። ድምፄ ጮኸ።

«ቀስ በይ፣ ሰው አለ።» ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። «ቄስ ሚስቱ ብትሞት ሌላ አያገባም፤ ብቻውን ነው የሚቀረው። እኔ እያለሁም ይህንን እያሰበ ይኑር? ለአንድ ክረምት እንኳ ይረፍ ብዬ ነው።»

ከመጋረጃው ወዲያ የአሮጊቷ ድምፅ መጣ። «መምሬ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ይናገሩ።»

«ኧረ በእመቤቴ!» አለ አባቴ። «በዚህ ቤት የታመመ ሰው የለም አልኳችሁ እኮ!»

እናቴ በዓይኗ ለመነችኝ። እንዳልናገር እንድምልላት ፈልጋለች። አልማልኩላትም። እንዴት አድርጌ ልማል? ተናድጃለሁ፣ ፈርቻለሁ። ሳህኑን መሬት አስቀምጬ መጋረጃውን ገለጥኩ።

«አለ» አልኩ። «የታመመችው እማዬ ናት።»

አሮጊቷ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። አባቴ ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየው፤ እየቀለድኩ እንዳልሆነ ገባው። ተነሥቶ ጓዳ ገባ። እኔ መከተል አቃተኝ፤ ድምፃቸውን ብቻ ነው የሰማሁት።

«ነገ እንሄዳለን። ሰኞ ማለዳ ሐኪም ቤት እንገኛለን።»

«ነገ እሑድ ነው፤ ተረኛ ነህ እኮ።»

«ሌላ ቄስ ይቀድሳል።»

አባቴ ተራውን ለሌላ ቄስ ሲተው ሰምቼ አላውቅም። እናቴም አልሰማችም መሰለኝ፣ ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የጀመረችው።

ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ላኩን፤ ቀዶ ጥገናው ተደረገ፤ የወራት መድኃኒት ተከተለ። ሐኪሙ ውጤቱን ሲያስረዳኝ «ክረምቱን ብታሳልፉት ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምነግርሽ» አለኝ። አልጋዋ ጥግ የጠያቂ ብርቱካንና ሙዝ ተቆለለ። አንዱንም አልነካችም። «የበሽተኛ ምግብ ነው፤ ቆሎ አምጡልኝ» ትላለች። ስለዚህ ሁሉንም የበላሁት እኔ ነኝ። የአርባ ምንጯ ልጅ ልትጠይቃት መጥታ ሙዝ ስገምጥ አገኘችኝና፣ «እግዜር ይማርሽ» ማለቱ ያን ቀን አልወጣላትም።

በዚህ ዓመት ፍልሰታ ላይ አንኮበር ሄድኩ። ቅርጫቴን ይዤ ነበር፤ «ማን ታመመ?» ያለኝ ሁሉ «ማንም!» ሲባል ዋለ። ቅዳሴ ወጥቶ ጾም ከተፈታ በኋላ እናቴን ጓሮ አገኘኋት። ቀኝ እጇ እንደ ድሮው ወደ ላይ አይዘረጋም፤ በግራዋ ቅርንጫፉን ጎትታ ኮክ ትለቅማለች፤ ቆማም ትገምጣለች። ካፊያው ነጠላዋን አርሶታል፤ ግድም አልሰጣት። ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ማንጎውን እየላጥኩ አቀብላት ጀመር። ጭማቂው እስከ ክርኗ ወረደ።

ዓመቱን ሙሉ ሆዴ ውስጥ ሲመላለስ የቆየውን ጠየቅኳት።

«እማዬ፣ ያን ዕለት ስኳር ይዤ መጥቼ ቢሆንስ?»

አላሰበችም እንኳ።

«ሻይ አፍልቼ አጠጣሽ ነበራ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወደ ሥራሽ ትመለሻለሽ።»

እሷ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ቅርጫቱ ውስጥ አየች።

«ያንን ትልቁን አቀብዪኝ» አለችኝ።