በግዝት የቆመው በርጩማ

ከላሊበላ ወደ ጋሸና ስሄድ ሚኒባሱ ውስጥ የሚያውቁኝ ሰዎች «የኔታ፣ ወዴት ነው?» ይሉኛል። «ለጉዳይ ነው» እላቸዋለሁ፤ ሐሰት አይደለም። ጉዳዬ ምን እንደሆነ ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ከደሴና ከወልድያ የተሰባሰቡ ወጣቶች መንገዱ ክፍት በሆነ ሰሞን በየከተማው እየዞሩ ሬስሊንግ ያሳያሉ። ጋሸና ሲደርሱ፣ በገበያ ቀን፣ የጭነት መኪኖች ከሚያርፉበት ምግብ ቤት ጀርባ፣ በቆርቆሮ በታጠረው ሰፊ ግቢ ውስጥ መድረካቸውን ይዘረጋሉ። እኔ የምሄደው እነሱን ለማየት ነው። ቅስና ተቀብዬ፣ ዘመኔን ሁሉ አቋቋም ሳስተምር ኖሬ፣ ጢሜ ከነጣ በኋላ ያገኘሁት ፍቅር ስለሆነ አፌን ሞልቼ ለመናገር እቸገራለሁ።

ነገሩ የጀመረው ባለቤቴን ወልድያ ባሳከምኩበት ወራት ነው። ከተኛችበት ክፍል ግድግዳ ላይ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ ነበር፤ አስታማሚ ወጣቶች ከሰዓት በኋላ ሬስሊንግ ይከፍቱበታል። እኔ ፊቴን አዙሬ ጸሎቴን እደግማለሁ። እሷ ግን ሕመሙ ዓይኗን ስለማያስከድናት ታያለች። አንዱ ተፋላሚ ተዘርሮ ሲወድቅ፣ ደጃፍ ላይ ለተደናቀፈ ሕፃን እንደሚባለው ዓይነት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ተነሥ ልጄ» ትለዋለች። ሲነሣ ፈገግ ብላ ወደ እኔ ትዞራለች፤ አይቼ እንደሆነ ለማወቅ። መጀመሪያ የማየው እሷን ነበር። ቀስ በቀስ እሷ የምታየውን ማየት ጀመርኩ።

በዚያው ክረምት ማብቂያ ላይ ዐረፈች። ሚስቱ የሞተችበት ቄስ ሁለተኛ አያገባም፤ ይህን ክህነት ከመቀበሌ በፊት ተምሬዋለሁና አላጉረመርምም። የቤቱን ዝምታ ግን ያስተማረኝ የለም። ላሊበላ ውስጥ የትም ብገባ ሰው ከመቀመጫው ይነሣል፤ የተጀመረው ወግ ይቋረጣል፤ ሊሳቅበት የነበረው ቀልድ ተመልሶ ይዋጣል። ድግስ ላይ ከማዕዱ ራስ፣ ብቻዬን፣ ምንጣፍ ተነጥፎልኝ እቀመጣለሁ። ይህ ክብር ነው፤ የሰጡኝም ለእኔ ሳይሆን ለክህነቴ መሆኑን አውቃለሁና አልንቀውም። ሆኖም ከእሷ በኋላ «ተሳስተሃል» ያለኝ ሰው የለም።

ስለዚህ ጋሸና ስደርስ ጥምጣሜን ፈትቼ በፌስታል እጠቀልልና የሱፍ ኮፍያ አደርጋለሁ፤ ጋቢዬንም እንደ ማንኛውም መንገደኛ እከናነባለሁ። የእጅ መስቀሌን ግን ትቼው መሄድ ስለማይሆንልኝ ከኮቴ የውስጥ ኪስ እከተዋለሁ። ከዚያ በኋላ በዚያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ላይ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ነኝ፤ ሌላ ምንም አይደለሁም።

ጎረቤት ያገኘሁትም በዚያ አግዳሚ ላይ ነው። ከቆላው ወገን የመጣ የእህል ነጋዴ ነው፤ እስላም፣ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ በዕድሜ ከእኔ ጥቂት የሚያንስ። መጀመሪያ በተገናኘን ቀን «አንተ ሰውዬ፣ ጠጋ በል እንጂ፤ ወንበሩን ገዝተኸዋል እንዴ?» ብሎ በትከሻው ገፋ አደረገኝና ተቀመጠ። እንደዚያ ከተገፋሁ ብዙ ዘመኔ ነው። ወዲያው ከኪሱ የገብስ ቆሎ ዘግኖ ሳይጠይቀኝ መዳፌ ላይ አፈሰሰልኝ። ከዚያ ወዲህ ትርኢቱ በመጣ ቁጥር፣ ቀጠሮ ሳይኖረን፣ እዚያው አግዳሚ ላይ እንገናኝ ነበር። ስሜን ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ስሙን አልጠየቅሁትም። ሥራዬን ሲጠይቀኝ ሰው እንዴት እንደሚቆምና እንዴት እንደሚንቀሳቀስ አስተምራለሁ አልኩት። «ስፖርት ነዋ!» አለ። እኔም አላረምኩትም፤ ከዚያ በኋላ መጠሪያዬ «ስፖርተኛው» ሆኖ ቀረ።

እሱ የሚደግፈው ክፉውን ነው። በዚህ ጨዋታ ውስጥ አንዱ ክፉ፣ አንዱ ደግ ሆኖ ይወጣል፤ ክፉው ጥቁር ካባ ለብሶ ሕዝቡን እየሰደበ ይገባል፣ ደጉ ነጭ ቁምጣ ለብሶ ሕፃናትን ሰላም እያለ ይገባል። ደጉ ወድቆ ዳኛው መሬቱን እየመታ ሦስት እስኪቆጥር ካልተነሣ ተሸነፈ ማለት ነው። እኔ የባለቤቴን ወገን ይዤ ለወደቀው እቆማለሁ። ነጋዴው ይስቅብኛል። «ያንተኛው መውደቅ ብቻ ነው የሚያውቅ። ወላሂ፣ ደመወዙን የሚከፍለው መሬት ነው» ይለኛል። እኔም የእሱ ሰው በሚዛን እንደሚያጭበረብር ነጋዴ ዳኛው ሳያይ ብቻ እንደሚመታ እነግረዋለሁ። እስኪያስለው ይስቃል።

አንዳንድ ሰው ሁሉ ነገር አስቀድሞ የተስማሙበት ነው፣ ውሸት ነው ይላል። እኔ እንደዚያ አይታየኝም። ማሕሌት ላይ መቋሚያችንን ስናነሣ፣ ስንዘምም፣ በአንድነት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስንል፣ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ከአባቶች የተቀበልነውና ለዓመታት ያጠናነው ነው፤ የተጠና ስለሆነ ግን ሐሰት አይሆንም። እነዚያን ልጆች ሳይ የአንዱ ክንድ የሌላውን አንገት ሳይጎዳ እንዴት እንደሚያቅፍ፣ የሚወድቀውም የሚጥለውን እንዴት እንደሚያምነው አያለሁ። ሁለት ሰዎች እንዲህ ሲተማመኑ በሌላ ቦታ ብዙም አይገጥመኝም።

አሁን የምተርከው ቀን የጋሸና ነፋስ የቆርቆሮውን አጥር ሲያንኳኳ የዋለበት ቀን ነው። ግቢው ከገበያ በመጡ ሰዎች ሞልቷል። ነጋዴውና እኔ በትከሻ ተደጋግፈን ተቀምጠናል፤ ለብርዱም ጥሩ ነበር። ፊት ለፊታችን አንዲት ባልቴት ወጣት ተመልካቾች ቦታ ለቀውላቸው ተቀምጠዋል። የገዙትን አዲስ ወንፊት ጭናቸው ላይ አድርገው ሁሉን በጥንቃቄ ያያሉ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር እንዳላዩ ያስታውቃል።

በመጨረሻው ግጥሚያ ደጉ ተመትቶ ወደቀ። ክፉው ከመድረኩ ወርዶ ከምግብ ቤቱ አንድ የእንጨት በርጩማ አመጣ፤ በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አንሥቶም ከወደቀው አጠገብ ቆመ። ሕዝቡ ጮኸ። በዚህ ጊዜ ባልቴቲቱ ወንፊታቸውን ጥለው ተነሡ፤ ነጠላቸውን ከራሳቸው አወረዱና መድረኩ ላይ ወረወሩት።

«ይህን ልጅ እንዳትመታው በመድኃኔዓለም፣ በቅዱስ ላሊበላ ገዝቼሃለሁ» አሉ።

ግዝት በእኛ አገር እንደ ሌላ ቃል አይደለም። ሰዎች ሲደባደቡ ያየ ሽማግሌ ወይም ያየች ባልቴት በታቦት ስም ከገዘቱ፣ ዱላ ያነሣ እጅ ካህን ሳይፈታው አይሰነዝርም። በርጩማው አየር ላይ ቀረ። ተመልካቹ የትርኢቱ አካል መስሎት ሳቀ፣ አጨበጨበ። የወደቀው አንድ ዓይኑን ገልጦ «ምታኝ እንጂ፣ በረደኝ» ሲለው ከፊት ያለነው ሰማን።

«ገዝተውኛል እኮ» አለ ክፉው። ፊቱ ላይ ክፋት የሚባል ነገር አልቀረበትም፤ ገና ጺም ያላወጣ የላስታ ገበሬ ልጅ ሆኖ ታየኝ።

አስተዋዋቂው ድምፅ ማጉያውን ትቶ ወርዶ ባልቴቲቱን ለመናቸው፤ ጨዋታ መሆኑን አስረዳቸው። እሳቸው ጨዋታ ከሆነ ሕዝቡ ስለምን እንደዚያ ይጮኻል ብለው ጠየቁት። በኋላም የልመናው ብዛት ቢከብዳቸው፣ እሳቸው ማሰር እንጂ መፍታት እንደማይችሉ፣ መፍታት የካህን እንደሆነ ነገሩት። የቡድኑ አለቃ በበኩሉ መድረኩን ተደግፎ ልጁን ማስፈራራት ያዘ፤ ወይ ይመታል፣ ወይ ጓዙን ይዞ ዛሬውኑ ከቡድኑ ይወጣል። ልጁ በርጩማውን ትከሻው ላይ አሳረፈ፤ መሬት ግን አላስነካውም።

«እናቴ ግዝት ረግጬ ከቤቷ አታስገባኝም» አለ። «ጓዜን ስጡኝ።»

ሳቁ ቆመ። ከኋላ ያሉት የከፈልነው ይመለስ እያሉ ማጉረምረም ጀመሩ። አስተዋዋቂው ተስፋ በቆረጠ ድምፅ ከተመልካቹ መካከል ካህን ካለ እንዲረዳቸው ጠየቀ። ለዚህ ደግሞ ሁሉም ሳቀ። ነጋዴው ጎኔን በክርኑ ነካ አድርጎ መዳፌን በቆሎ ሞላው።

«ካህን እዚህ ምን ይሠራል፣ ስፖርተኛው? ከተገኘማ መጀመሪያ የሚገዘተው እሱ ነው።»

ቆሎው በእጄ እንዳለ ተቀመጥኩ። ገና ትኩስ ነበር። ልጁ ያለ ጥፋቱ ታስሯል፤ ከተውኩት እንጀራውን ያጣል፣ ከመታም ዕድሜ ልኩን የሚከተለው ፍርሃት ያተርፋል። የሚፈታው ደግሞ ከኮቴ ኪስ ውስጥ ደረቴን ተደግፎ ተቀምጧል። ይህን ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። ያስጨነቀኝ በግራ ትከሻዬ በኩል የሚሰማኝ ሙቀት ነው። ከተነሣሁ ተመልሼ እንደማላገኘው አውቄዋለሁ። አንድ ሰው ከኋላ ይነሣ እንደሆነ ጠበቅሁ። የተነሣ የለም።

ቆሎውን መልሼ በነጋዴው መዳፍ ላይ አደረግሁለት። «ወዴት ነው፣ ገና ሳያልቅ?» አለኝ።

ኮፍያዬን አወለቅሁ፤ መስቀሌን አወጣሁ። ወደ መድረኩ ስራመድ ከፊቴ ያለው ሰው ሁሉ ግራና ቀኝ ተከፈለ፤ ጫጫታው ከፊት ወደ ኋላ እየጠፋ ሄደ። በመጀመሪያ የወደቀውን ልጅ አስነሣሁትና ባልቴቲቱ ፊት አቆምኩት። ተጎድቶ እንደሆነ ጠየቅሁት። ምንም እንዳልሆነ ተናገረ።

«ታዲያ ምን አስተኛህ?» አሉት ባልቴቲቱ።

ሕዝቡ ሳቀ። በዚያ ቀን እኔ ባለሁበት የተሳቀው የመጨረሻው ሳቅ ይህ ነበር። ባልቴቲቱ የገዘቱት ለበጎ መሆኑን፣ ገላጋይነታቸውም በእግዚአብሔር ዘንድ እንደማይጠፋ ነግሬ ባረክኋቸው። ከዚያ ልጁ በርጩማውን እንደተሸከመ ተንበረከከ።

«ይፍቱኝ አባቴ» አለ።

«እግዚአብሔር ይፍታህ» አልኩትና መስቀሌን ግንባሩ ላይ አሳረፍኩ። በርጩማውን አወረደው። እንባውን ያበሰው በጥቁሩ ካባ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንደፈራሁት ሆነ። ሰው ሁሉ መስቀል ለመሳለም ተሰለፈ። ከምግብ ቤቱ ባለ መደገፊያ ወንበር መጣ፣ ጨርቅ ተነጠፈበት፣ ከመድረኩ ፊት ለብቻው ተቀመጠ። ወደ ቦታዬ ልመለስ ብል «እንዴት ተደርጎ» አሉኝ። እነሱን አልፌ ወደ አግዳሚው ሄድኩ። ነጋዴው ግማሽ ተነሥቶ ጠበቀኝ፤ የቆሎ ፌስታሉን ከጀርባው ደብቆታል።

«አንቱ፣ አላወቅሁም ነበር» አለኝ። «ብዙ ቀልጃለሁ።»

ምንም እንዳላጠፋ፣ እዚያው መቀመጥ እንደምፈልግ ነገርኩት። ወዲያው በሻሹ የአግዳሚውን እንጨት ጠረገልኝና ራሱ እስከ ጫፉ ድረስ ተንፏቀቀ። የተወልኝ ቦታ ለቤተሰብ ይበቃል። በክብር ነው፤ ከልቡም ነው። አመስግኜው ሄጄ ከባለ መደገፊያው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ግጥሚያው ቀጠለ። ክፉው በርጩማውን አነሣ፣ ወደ እኔ አየ፣ ሙሉ ብርጭቆ እንደሚያስቀምጥ ሰው ቀስ አድርጎ በጓደኛው ጀርባ ላይ አሳረፈው። የተመታው ጥቂት ዘግይቶ ወደቀ። የተሳደበ የለም፤ አንድ ወጣት «አንተ ውሻ» ብሎ ሲጀምር ጎረቤቱ አፉን ያዘው። ከበሮና ጽናጽል የሌለው ማሕሌት ይመስል ነበር። በሥራቸው መካከል ቆሜ እያገድኳቸው መሆኑ ገባኝ። አስፈቅጄ ተነሣሁ፤ እስከ በሩ ሸኙኝ።

መንገዱ ዳር፣ ከቆርቆሮው አጥር ውጭ፣ የላሊበላ ሚኒባስ ስጠብቅ ጥምጣሜን አውጥቼ ጠመጠምኩ። አሁን የምደብቀው ነገር የለም። ለጥቂት ጊዜ ከውስጥ ድምፅ አልተሰማም። ከዚያ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላው ተሳደበ፤ ቀጥሎ ግቢው ሁሉ እንደ ጎርፍ ፈነዳ። የነጋዴው ድምፅ ከሁሉም በላይ ይሰማኝ ነበር፤ ክፉውን እያሞገሰ፣ ደጉን መሬት እንዲያገባ እየመከረ። ለእሱ የሚመልስለት ሰው ከጎኑ መኖር አለመኖሩን ማወቅ አልቻልኩም።

የሆነ ከባድ ነገር እንጨቱን መታ። ደጉ ወድቋል። ዳኛው መምታት ጀመረ፤ ሕዝቡም አብሮት ቆጠረ።

ዙሪያዬን አየሁ። መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም።

«ተነሥ ልጄ» አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

አንድ አሉ። ሁለት አሉ። ሦስት ሲሉ ግን አልሰማሁም።