እትዬ አልማዝን የጠራኋቸው እኔ ነኝ

ይህን ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው።

በኮሮናው ሁለተኛ ዓመት፣ ካምፓላ ውስጥ፣ የእኛን ስደተኛ ሴቶች ኑሮ ለሚያጠኑ ሰዎች እሠራ ነበር። ሰባት ስምንት ሴቶች ኪሱጉ ሰፈር በተከራየነው ክፍል ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፣ አወያይ ትጠይቃለች፣ ድምፃቸው ይቀዳል። አወያዮቹ እኔና ሂሩት ነበርን። ሴቶቹን መርጬ የምጠራው ግን እኔ ብቻ ነኝ።

በሂሩት ቀናሁ። ሌላ ስም አልሰጠውም። እኔ ዲግሪ አለኝ፤ እሷ ካባላጋላ በሚባል ሰፈር ፀጉር ስትሠራ የነበረች ናት። የእኔ ሴቶች ግን “ደህና ነን፣ ተመስገን” ብለው ሮሌክሳቸውን፣ እንቁላል የተጠቀለለበትን ቂጣ፣ በልተው ይሄዳሉ። የእሷ ሴቶች ያለቅሳሉ፣ ይስቃሉ፣ ሰዓት አልፎም አይነሱም። ቅጂዋን እየሰማሁ የምጽፈውም እኔ ነበርኩ። እኔ የሌለኝ ምን አላት? አለቃችን ከሁለታችን አንዷን ብቻ እንደምታስቀር ስትነግረን ደግሞ ባሰብኝ።

በሥራችን ደንብ ሌሎቹ የሚፈሯት ሴት አብራቸው አትቀመጥም፤ ዝም ታሰኛቸዋለችና። ይህን እያወቅሁ በሂሩት ቡድን ውስጥ እትዬ አልማዝን ጠራሁ። የሰፈሩን ባልና ሚስት ሁሉ የሚያስታርቁ፣ ሴቶቹ የሚፈሯቸው ትልቅ ሴት ናቸው። የሂሩት ክፍል አንድ ቀን እንኳ ጭጭ እንዲል ፈለግሁ። ሌላ ምንም አልፈለግሁም። ይህ ሰበብ ይሆነኛል?

ጭጭ አላለም። ሂሩት ሴቶቹን ቀስ ብላ አናገረች። መሮን የምትባል ወጣት እናት፣ ባሏ እንደሚደበድባት፣ እሱ ሳያውቅ ከእሱ ተለይታ ለራሷና ለአራት ዓመት ሴት ልጇ የስደተኛ ፋይል እንዳስከፈተች ተናገረች። ከዚያ ወደ እትዬ ዞረች።

“እትዬ፣ እርስዎም ስለሰሙልኝ ቀለለኝ” አለች።

እኔ ጥግ ሆኜ ማስታወሻ እይዝ ነበር። የተሰማኝ ንዴት ብቻ ነው፤ ሂሩት እንደገና በለጠችኝ ብዬ።

የተነገረው ከክፍሉ እንዳይወጣ ሁሉም ቃል ገብተዋል። እትዬ ግን ትዳር ሲፈርስ እያዩ ዝም ማለት አይሆንላቸውም። እሑድ ሊያስታርቁ ባልየው ዘንድ ሄደው የፋይሉን ነገር ነገሩት። በክፋት አልነበረም። እሱም እሺ ብሎ ሸኛቸው። ሰኞ መሮን ኪሰንዪ ሰፈር ሥራ ላይ ሳለች፣ ልጅቷን ይዞ ወደ ደቡብ ሱዳን፣ ወደ ጁባ ተሻገረ።

አለቃችን እትዬን ማን እንዳስጠራቸው ጠየቀችን። ጥሪልኝ ያለችኝ ሂሩት ናት አልኩ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ሂሩት ካደች፤ የታመንኩት ግን ዲግሪ ያለኝ እኔ ነኝ። እሷ ተባረረች፣ እኔ ቀረሁ። ሥራው ለእኔ ሲጸና ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህንንም አልደብቅም።

ከወራት በኋላ ጋባ በሚባለው ሰፈር ዓሣ ገበያ ውስጥ መሮን አገኘችኝ። ስለ ልጅቷ ምንም ወሬ የለም። አጎንብሼ ላልፍ ስል እጄን ያዘችኝ።

“ሂሩትን ካገኘሻት ይቅር ብያታለሁ በይልኝ” አለችኝ። “አውቃ አላደረገችውም።”

እሺ አልኩ። የሂሩት ስልክ ነበረኝ፤ አልደወልኩም። ምን ብዬ እነግራታለሁ?

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። መሮን አንዴ ይቅር ብላ ነበር፤ እሱንም ያስቀረሁት እኔ ነኝ።