በእኩል የታረሰችው የስልክ ማሳ

ብሩክታዊትን በከተማችን በወገዳ «ባለማሳዋ» እያሉ ሲቀልዱባት ደሜ ይፈላል። የአባቷን መሬት ወንድሞቿ ተከፋፍለውታል፤ በመንግሥት የመሬት ድልድል ጊዜም እሷ ገና ሕፃን ስለነበረች የደረሳት የለም። የምትኖረው ልብስ እየሰፋች ነው። የኔ የምትለው መሬት በስልኳ ጨዋታ ውስጥ ያለችው ማሳ ብቻ ነበረች። ኔትወርክ በመጣ ቁጥር ታርሳለች፣ ትዘራለች፣ ታጭዳለች። ዓመታት ለፍታ በረት ሠርታ፣ ወፍጮ ሁሉ ተክላባት ነበር። ሰው ቅዠት ነው ይላል። ታዲያ ድካሟም ቅዠት ነበር?

የበኩር ልጇን ስትወልድ እናቷ «አራስ ስልክ ካየች ዐይኗ ይጠፋል» ብለው ስልኩን ወሰዱባት። በዚያ ጨዋታ ደግሞ በጊዜው ያልታጨደ አዝመራ ይደርቃል። እሷም እንዳገሯ ልማድ አደረገች፤ ለጎረቤቷ ለስልክ ጠጋኙ ለላቀው የይለፍ ቃሏን ነግራ ማሳዋን በእኩል ሰጠችው። ግማሹ ምርት ለእሱ፣ ግማሹ ለእሷ።

ልጁ ክርስትና ከተነሣ በኋላ «መልስልኝ» ብትለው ላቀው ዐይኑን በጨው አጥቦ «ያለማሁት እኔ ነኝ» አለ። የይለፍ ቃሉንም ቀይሮታል። እኔ ብሆን በጥፊ ነበር የምለው፤ እሷ ግን ሽማግሌ ሰበሰበች። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ስለሆንኩ እኔንም ጠራችኝ።

ብዙ የድንበር ጠብ ያበረዱት መሪጌታ ተክለ ማርያም እንደ ወጉ ጠየቁ፦ «ድንበርተኞችሽ እነማን ናቸው? ይምጡና ይመስክሩ።»

«አንዱ ብራዚል ነው የኔታ። ሌላዋን ከነአገሯም አላውቃት።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። የኔታ ግን አልሳቁም። «የትም ይሁን የት፣ እኩል አራሽ ባለመሬት አይሆንም» ብለው ፈረዱ። ላቀው እያጉረመረመ የይለፍ ቃሉን ሰጣት።

እዚያው ከፈተችው። ማሳው የለም፤ የወጣው አንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው። እየመረረኝ ተረጎምኩላቸው፦ ማሳን ለሌላ ሰው መስጠት ክልክል ስለሆነ ተዘግቷል፤ ድሮውንም በጨዋታው ውስጥ ያለው ሁሉ የኩባንያው ንብረት ነው፤ ተጫዋች በፈቃድ ይጠቀማል እንጂ የራሱ የሆነ ነገር የለውም።

ላቀው አንገቱን ደፋ። ለካ ሽማግሌ ሲጠራበት ለኩባንያው «የማርሰው እኔ ነኝ፤ በስሜ አድርጉልኝ» ብሎ ጽፎ ኖሯል።

የኔታ ወደ ብሩክታዊት ዞረው «እንግዲያ አንቺም እኩል አራሽ ነበርሽ ማለት ነው፣ ልጄ?» አሏት።

እንባዋ መጣ። «እኩል አራሽ እኮ ግማሹ ይደርሰዋል፣ የኔታ» አለች።