ስምንት ማዕዘኑ ቤት መለሰልኝ

ዛሬ ጠዋት ባዶ ቤት ሰላምታዬን መለሰልኝ።

ከሱሉልታ ወጣ ብሎ ስምንት ማዕዘን ያለው አሮጌ የድንጋይ ቤት አለ። ሰው ከለቀቀው ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ መንገደኛው ሁሉ ግን በደጁ ሲያልፍ «ቤቶች!» ይላል።

ባለቤቴም ሳትል አታልፍም ነበር። እኔ ዕድሜ ልኬን አፌን ዘግቼ አለፍኩ።

«ቤቱ ይቀየምዎታል» ይሉኝ ነበር ጎረቤቴ ኦቦ ቶሎሳ።

«ድንጋይ ከተቀየመኝ ይክሰሰኝ!» እላቸዋለሁ።

ዛሬ የባለቤቴን የአርባ ቀን ተዝካር አውጥተን ከኦቦ ቶሎሳ ጋር ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ስለ እሷ ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ «ቤቶች!» አልኩ።

«ደጆች! ግባ እንጂ» አለኝ የሴት ድምፅ ከውስጥ።

የገደል ማሚቶ ነው እንዳትሉኝ። ማሚቶ የጠሩትን ቃል ይደግማል እንጂ መልስ አይሰጥም። ደግሞም ድምፁን አውቀዋለሁ።

«ሰሙ?» አልኳቸው ኦቦ ቶሎሳን።

«ኧረ እኔ ምንም አልሰማሁም!» አሉ። ባርኔጣቸውን ግን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘውት ነበር።

እኔም ሳልገባ ወደ ቤቴ መጣሁ።

ከእናንተ መካከል ከባዶ ቤት «ግባ» የተባለ አለ? ገባችሁ? ነገ ጠዋት ተመልሼ እሄዳለሁና ሳትዘገዩ ጻፉልኝ።