የምርኮኛዋ ዘፈን ሁለተኛ ዙር

ዕፀገነት ሱኩማ የሚሉትን የናይሮቢ ጎመን ትቀነጥሳለች። ጣቶቿ ቅጠሉን ከአገዳው ይለያሉ፤ ጆሮዋ ግን መደርደሪያው ላይ ከቆመው ስልክ ዘንድ ነው። አንዲት የዛሬ ዘመን ዘፋኝ የሦስት መቶ ዓመት የኦፔራ ዘፈን ትዘፍናለች። ታሪኩ የአንዲት የተማረከች ልዕልት ነው። የማረካት ንጉሥ አይገርፋትም፣ አያስርባትም፤ ይወዳታል። መውጫ ያሳጣትም ይኸው ፍቅሩ ነው።

ያንኑ ዘፈን አንዷ እያለቀሰች ትዘፍነዋለች፣ ሌላዋ ጥርሷን ነክሳ፣ አንድ ወንድ ደግሞ እንደ ሴት በቀጠነ ድምፅ። ዕፀገነት ሁሉንም በቃሏ ይዛቸዋለች።

«ዕፄ፣ ደግሞ የማን ልቅሶ ነው?» አለች አክስቷ እህተማርያም በወጥ ቤቱ መስኮት ብቅ ብላ። «እንግዶቼ አዝነው ወጤ እንዳይተርፍብኝ!»

«ልቅሶ አይደለም እትዬ፣ ትምህርት ነው።»

«እንግዲያው ከሥራ በኋላ ታለቅሺዋለሽ።»

አክስቷ ክፉ ሴት አይደለችም። ከአዲስ አበባ አምጥታ ካሳራኒ ቤቷ አስጠግታታለች። ጠዋት በመኪናዋ ወደ ሁርሊንግሃም ምግብ ቤቷ ታመጣታለች፣ ማታ ይዛት ትመለሳለች። ዕፀገነት ናይሮቢን የምታውቃት በመኪና መስታወት ነው። ምን ጎደለብኝ ብላ ታኩርፍ? የራሷ የምትለው ማክሰኞ ከሰዓትን ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ፓርክላንድስ ሰፈር ሄዳ ከኳየር ጋር ትለማመዳለች።

የኳየሩ መምህር ቶማስ ናይሮቢ ያደገ የሐበሻ ልጅ ነው። ኳየሩ ለሚያዘጋጀው ኮንሰርት ልዕልቷን ማን ይዝፈናት ሲባል ዕፀገነትን አስነሳት። የዘፈኑ መጀመሪያ ይዘፈናል፣ መሐሉ ይከተላል፣ ከዚያ መጀመሪያው ይመለሳል። እሷም ሁለተኛውን ዙር ልክ እንደ አንደኛው፣ ቅንጣት ሳታዛንፍ ዘፈነችው።

«ሃፓና፣ አይሆንም!» አለ ቶማስ ራሱን እየነቀነቀ። «እህቴ፣ ይሄ ኮፒ ነው። ሲመለስ የራስሽን ጌጥ ትጨምሪበታለሽ እኮ! ልዕልቷ መሐል ላይ ስንት ነገር ደርሶባታል፤ እንደ ድሮዋ አትመለስም።»

ዕፀገነት ደነገጠች። ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገች ናት። የተቀበሉትን ዜማ መለወጥ ድፍረት ነው ተብላ፣ አንዴ ድምጿን ብታጥፍ ጆሮዋን ተቆንጥጣለች። ጨምሪበት ያላት ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም።

«ቅዳሜ ነይና ከመወሰኔ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ልስማሽ» አላት ቶማስ።

ለዚያው ቅዳሜ ምግብ ቤቱ የክርስትና ድግስ ታዘዘ። «ዛሬ ጥለሽኝ ብትሄጂ እሞትብሻለሁ የኔ ልጅ» አለች አክስቷ፣ ግንባሯን ስማ። በተሳመ ግንባር እንዴት ይወጣል? ዕፀገነት ለቶማስ ደወለች። እሱም «በይ እዚያው ዝፈኚልኝ» አላት።

እጇን ከጎመኑ ሳታነሳ ጀመረች። መጀመሪያውን ዘለቀችው፣ መሐሉንም ጨረሰች። ሲመለስ ድምጿ በገዛ ራሱ ታጠፈ፤ ማንም ያላሳያትን መንገድ ይዞ ሽቅብ ወጣ። ጆሮዋን የቆነጠጣት አልነበረም።

«ዕፄ! ጎመኑስ?» መስኮቱ ተንኳኳ። ዘፈኑ እዚያው ላይ ተቆረጠ።

«ሰማሁ፤ ያንቺ ነበር» አለ ቶማስ ቀስ ብሎ። «ግን ልምምዱ ከእንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ዘፈኑን መምጣት ለምትችል ሰው ልስጠው። ፖሌ እህቴ፣ ይቅርታ።»

ጎመኑ ቀረበ፣ ድግሱ ተበላ፣ ማታ መኪናው ወደ ካሳራኒ ተመለሰ። አክስቷ መንገዱን ሙሉ ስትመርቃት፣ እሷ በመስታወቱ ውጭ ውጭውን ታያለች።

እናንተ ሁርሊንግሃም ምሳ የምትበሉ፣ ዕፀገነት አንድ ነገር ትለምናችኋለች፦ ከወጥ ቤት ዘፈን ከሰማችሁ፣ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ እስኪያልቅ ድረስ፣ እባካችሁ አስተናጋጅ አትጥሩ።