አማቴ ያወጡልኝ ስም

ከአሰንዳቦ ሙሽራ ሆኜ ጅማ የገባሁ ዕለት አማቴ ስሜን ጠየቁኝ። ያውቁት ነበር። ነገርኳቸው። ወደ እህታቸው ዞረው፣ «ይሄ ስም ጉሮሮ ይቧጥጣል፤ ሲጠሯት ጥል የተነሳ ይመስላል» አሉ።

አባቴ ያወጣልኝ የኦሮምኛ ስም ነው። መሐሉ ላይ ምላስ ወደ ላንቃ ተጠቅልሎ የሚወጣ ድምፅ አለው። አማቴ ኦሮምኛ የማይናገሩ የሰሜን ደጋ ሰው ስለነበሩ ምላሳቸው አልታዘዛቸውም። በአገራቸው ልማድ ለሙሽራ የቤት ስም የምታወጣው አማት ናትና፣ እራት ሳይቀርብ ሌላ ስም ወጣልኝ። አንድም የሚጠብቅ ፊደል የለበትም። ሕፃን ለማስተኛት የሚባል ይመስላል።

ባለቤቴም ሰፈሩም በዚያ ጠሩኝ። ዝም ስል «እንደ ስሟ» ይባላል። ምጥ ይዞኝ ስጮህ አዋላጇ፣ «በዚህ ስም እንዲህ ይጮኻል?» ብላ ሳቀች። ወንድሞቼ የአባታችንን የቡና መሬት ያለ እኔ ሲካፈሉ ባለቤቴ፣ «እሷ ቅር አይላትም» ብሎ በእኔ ፋንታ መለሰ። ቅር ብሎኝ ነበር። ዛሬም ቅር ይለኛል። አጠገባችን ደግሞ ስሟ እንደ ድንጋይ የሚንኳኳ ሴት ነበረች። ከእኔ ይልቅ የዋህ ናት፤ ግን ገበያ ላይ ዋጋ በጠየቀች ቁጥር ተደባዳቢ ትባል ነበር።

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ በአባቴ ስም ልጠራ ቆረጥኩ። ልጆቼ እማዬ ነው የሚሉኝ፤ ስሜን የሚጠራው የሰፈራችን የአወቱ መንደራ የሴቶች ዕድር ነው። ሰብሳቢዋ ቤት ሄጄ ነገርኳት። ኦሮምኛ አፏን የፈታችበት ቋንቋ ነው።

«እኔማ አጥርቼ እለዋለሁ» አለችኝ። «ግን ለእርስዎ አይሄድም እኮ፣ እትዬ። እሱ የቁጡ ሴት ስም ነው። እርስዎ ደግሞ ዝምተኛ።»

«ለምን ዝም እንዳልኩ የጠየቀኝ አለ?» አልኳት።

በስብሰባው ቀን የተገኙትን በስም ስትቆጣጠር የጠራችው ያንኑ አማቴ ያወጡልኝን ስም ነበር። አቤት አላልኩም። ደገመችው። አጠገቤ የተቀመጠችው የባለቤቴ እህት በክርኗ ነካችኝ።

«ተጠራሽ እኮ።»

«አልተጠራሁም።»

ገባት። «እናቴ ያወጣችልሽን ስም፣ ሞታለች ብለሽ ልትጥዪው ነው?»

«እናትሽ ያወጡት ለጆሯቸው ነው። እኔ ስም ነበረኝ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልሽ?»

«ዝም አላልኩም። እንደ ስሟ፣ እንደ ስሟ እያላችሁ አልሰማችሁኝም።»

ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ከኋላ አንዷ፣ «በሉ ጥሯት፣ ዛሬስ ስሙ ሄደላት» ስትል ሴቶቹ ሳቁ። ሰብሳቢዋ አልሳቀችም። የአባቴን ስም አንድም ድምፅ ሳታጎድል ጠራችው። «አቤት» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ነው የምጠራው። የባለቤቴ እህት ሰላምታ ነሥታኛለች። ሌሎቹ ደግሞ አንድ ነገር ቅር ብሎኝ ስናገር እርስ በርስ ይተያያሉ፤ ስሙ ነው ክፉ ያደረጋት ይላሉ።